የጭቃ፣ የእንጨት፣ የብሎኬት ወይስ የሽቦ? በጎንደር ግቢ የዶሮ ቤት ሲመረጥ

የመጀመሪያውን የዶሮ ቤቴን የሠራሁት ብርድን ፈርቼ ነበር። አዘዞ በተከራየሁት ግቢ ጥግ ላይ የባሕር ዛፍ ቋሚ አስተከልሁ፣ ማገር አስመታሁ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ከውስጥም ከውጭም አስመረግሁ፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የቀረውን ክፍተት ደግሞ በአሮጌ ጨርቅና በማዳበሪያ ከረጢት ወተፍሁት። ኅዳርና ታኅሣሥ በሰላም አለፉ፤ እኔም በብልሃቴ ኮራሁ። ሐምሌ ሲገባ ግን ጠዋት በሩን በከፈትሁ ቁጥር ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው ዐይኔ ያነባ ጀመር። ቄቦቹ ያነጥሳሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ነሐሴ ሳያልቅ ከአሥራ ሁለቱ አራቱን ቀበርሁ። በአጥር በኩል ሲመለከቱኝ የከረሙት ጎረቤቴ እናት አንድ ቀን «አንተ ልጅ፣ ይህ ቤት ነው ወይስ መቃብር?» አሉኝ። ቅር አለኝ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ዶሮ ቤት ያነበብሁትም የሞከርሁትም ሁሉ ለእሳቸው ነው የመሰከረው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የታኅሣሥ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም የሰውነት ሙቀቷ 41 ዲግሪ ገደማ የሆነ፣ ላባዋን ነፋ አድርጋ የምታድር ጤነኛ ዶሮ ይህን ብርድ ትችለዋለች። የማትችለው የረጠበ ጉዝጓዝንና የታፈነ አየርን ነው። ኩስ ሲረጥብ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ዐይኔን ያስለቀሰው እሱ ነበር። የዶሮዋን መተንፈሻ አካል ያቆስላል፣ ከዚያ በኋላ ለሌላው በሽታ በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የምመዝነው በሦስት ጥያቄ ነው፦ በክረምት ደረቅ ሆኖ ይቆያል? ከዶሮዎቹ ራስ በላይ አየር ያልፋል? አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ሊያጸዳው ይችላል? ዋጋ አራተኛ ነው። አራት ቄብ የቀበረ ሰው ዋጋን አራተኛ ያደርጋል።

ከቤቱ በፊት ዶሮዋ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ያሠራል፣ ከዚያ ገበያ ወጥቶ ያገኘውን ዶሮ ይዞ ይመለሳል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ የሐበሻ ዶሮ የምትፈልገው ቤትና ለእንቁላል የተዳቀለችው የውጭ ዝርያ ቦቫንስ ብራውን የምትፈልገው ቤት አንድ አይደለምና።

የሐበሻ ዶሮ ቀላል ናት፤ ትበራለች፣ ከፍታ ትወዳለች። ከሰው ቁመት የሚስተካከል ቆጥ ብትሠሩላት ደስ ብሏት ትወጣበታለች፤ ዝቅ ያለ ብትሠሩላት ትታው ዛፍ ላይ ታድራለች። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው፤ ግን ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቷን ከጭልፊት ትከላከላለች፣ ምግቧንም ከግማሽ በላይ ጭራ ታገኛለች። ለእሷ ቤት ማለት በዋናነት የሌሊት መጠለያና ጨለም ያለ የመታቀፊያ ጥግ ነው።

ቦቫንስ ብራውን በደንብ ከተመገበች በዓመት 300 ገደማ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ማቀፍን ግን ከነጭራሹ የረሳች ናት ማለት ይቻላል። ሳሶና ኮኮክ ደግሞ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑ ከበድ ያሉ ዝርያዎች ናቸው። ለእነዚህ ቆጡ ከወለል ከ50 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ከፍ ካለ ቦታ በየጠዋቱ ሲዘልሉ የእግራቸው መዳፍ ይቆስላል፤ ቁስሉም ያብጥና ያነክሳሉ። ቀኑን ሙሉ ቤታቸው አካባቢ ስለሚውሉ ስፋቱም ቁም ነገር ነው።

ልኩን በቁጥር ላስቀምጠው። ውጭ የሚውሉበት ግቢ ካላቸው በአንድ ካሬ ሜትር ከሦስት እስከ አራት ዶሮ፤ በቆጥ ላይ ለእያንዳንዷ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፤ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ባለ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር እንቁላል መጣያ። ለአሥር ዶሮ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ቤት፣ በድምሩ 2.5 ሜትር የሚሆን ቆጥና ሁለት መጣያ ይበቃሉ። የቆጡ እንጨት የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ክብ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ ይሁን።

ቁጥሩን ስትወስኑ ዐቢይ ጾምን አትርሱ። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። አሥር ዶሮ በጾሙ 55 ቀን ውስጥ 60 ኪሎ ግራም ያህል ይጨርሳሉ፤ በዚያው ጊዜ እንቁላል የሚጠይቅ ገዢ ይጠፋል። ሃያ ዶሮ ለመጀመር ያሰበ ሰው ይህን ሒሳብ ካየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በስምንት ይጀምራል፤ ደግም ያደርጋል።

የጭቃ ቤት

የቤት ሠሪ እጅ የለመደው እሱ ነው። ባሕር ዛፉ እዚሁ ይገኛል፣ ጭቃው ከግቢው ይቆፈራል፣ አንድ አናጺና ሁለት የቀን ሠራተኛ በጥቂት ቀናት ያቆሙታል። የመጋቢትን ቀትርና የጥርን ንጋት እኩል ያለዝባል፤ በዚህ ብሎኬትም ጣውላም አይስተካከሉትም።

ችግሩ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ቅንቅን ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቅንቅን ቀን በስንጥቁ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ወጥቶ የዶሮዎቹን ደም ይመጥጣል። ዶሮዎቻችሁ ማታ ወደ ቤት ለመግባት ካመነቱ፣ ኩክኔያቸው ከገረጣ፣ በባትሪ መብራት የቆጡን ጫፍ ፈትሹ። ሁለተኛው አይጥ ነው፤ ከግድግዳው ሥር ይቦረቡራል። ሦስተኛው የክረምት ፍንጣቂ ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ ሲመለስ የግድግዳውን የታችኛውን ክንድ ያህል ይልጠዋል።

ሦስቱም መድኃኒት አላቸው። ጎንደር ድንጋይ አላጣችም፤ ግድግዳውን ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይ ካብ አንሥታችሁ ጭቃውን ከዚያ በላይ ጀምሩ። የረጅሙን ጎን ግድግዳ የላይኛውን 40 ሴንቲ ሜትር በጭቃ አትድፈኑት፤ በሽቦ ወንፊት ብቻ ሸፍኑት፤ የእኔ አራት ቄቦች የሞቱት ይህ ክፍተት ስላልነበረ ነው። ውስጡን በስሱ አስመርጋችሁ ስንጥቅ እንዳይቀር ካደረጋችሁ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ኖራ ቀቡት። እንዲህ ከተሠራ የጭቃ ቤት ለሐበሻ ዶሮ ከሁሉም የሚሻል ነው እላለሁ። ሆኖም በውኃ አይታጠብም። ቤቱ ውስጥ ፈንግል ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከገባ ግድግዳውን ልጦ እንደገና ከመምረግ ሌላ እርግጠኛ መንገድ የለም፤ ይህንን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

በእግር የቆመ የእንጨትና የሽቦ ቤት

ከአዘዞ ወደ ማራኪ ስንዛወር የጭቃውን ቤት ለአከራዬ ጥዬለት ሄድሁ። ሁለተኛውን ቤት በአራት እግር ያቆምሁት በዚያ ቁጭት ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ በጋሪ ጭኜው እንድሄድ።

ቤቱ ከመሬት ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ጎርፍ ከሥሩ ያልፋል፣ አየር ከታችም ከላይም ይገባል፣ አይጥ ደግሞ በእግሮቹ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ክብ ነገር እንደ ባርኔጣ ገልብጣችሁ ብትመቱበት መውጣት ያቅተዋል። ለተከራይና ለጠባብ ግቢ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

የሚያከራክረው ወለሉ ነው። አንዱ መንገድ በርብራብ መሥራት ነው። ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚመጣው ሽመል (የቆላ ቀርከሃ) ተሰንጥቆ በመካከሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እየተተወ ሲደረደር ጠንካራ ርብራብ ይወጣዋል። ኩሱ በክፍተቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉዝጓዝ አያስፈልግም፣ ዶሮዋ በእርጥበት ላይ አትቆምም። በሌላ በኩል ከሥሩ ያለው መሬት ለዶሮዎቹ መዋያ ሊሆን አይችልም፤ በየሦስት በአራት ቀኑም ካልተጠረገ የዝንብ ማሳደጊያ ይሆናል። ሌላው መንገድ ጣውላ ማንጠፍና በላዩ ጉዝጓዝ መበተን ነው። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሥር ጥላ ያለው ሰፊ ቦታ ሆኖ ይቀርላችኋል፤ አመድና ደቃቅ አፈር ቀላቅላችሁ ብታኖሩበት ዶሮዎቹ በበጋ ቀን ሙሉ ሲንከባለሉበት ይውላሉ፣ ቅማላቸውንም ያራግፋሉ። ግቢው ጠባብ ከሆነ ጣውላ፣ ክረምቱን ከፈራችሁ ርብራብ። እኔ ግማሽ በግማሽ አድርጌዋለሁ፤ ከቆጡ ሥር ርብራብ፣ ከእንቁላል መጣያው ፊት ጣውላ። ዶሮ ከኩሷ ብዙውን የምትጥለው ሌሊት ቆጥ ላይ ሆና ስለሆነ ሠርቶልኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ የሽቦ ወንፊትን ወለል አታድርጉት። ለጫጩት ሊሆን ይችላል፤ ከበድ ያለች ዶሮ ግን መዳፏ በሽቦው ይቆስላል።

ብርድን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነፋስ የሚመጣበትን ጎን ማታ ማታ በከረጢት መጋረጃ ሸፍኑት። ከላይ አንድ ስንዝር ሁልጊዜ ክፍት ይቅር። ዛሬም ያንን ስንዝር ሳልፈትሽ አልተኛም።

ብሎኬት

አጭር ነው። የራሳችሁ ይዞታ ከሆነ፣ ከ30 ዶሮ በላይ የምትይዙ ከሆነና ዓመት ከዓመት ልትሠሩበት ካሰባችሁ ብሎኬት ይክሳል፤ አለበለዚያ አይክስም። የሚታጠብ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ከበሽታ በኋላ ቤቱን በእርግጠኝነት ለማጽዳት ያስችላል፤ አይጥም አይቦረቡረውም። ነገር ግን እስከ ጣሪያ ድረስ በብሎኬት አትዝጉት። የተዘጋ የሲሚንቶ ቤት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሌሊት ላብ ያወጣል፤ ጠዋት ጉዝጓዙ ከላይ በወረደ ጠብታ ረጥቦ ይገኛል። ሦስት ወይም አራት ረድፍ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ሽቦ። ወጪውም ይቀንሳል።

ባለ ደርብ የሽቦ ጎጆ

ሻጮቹ ኬጅ የሚሉት ማለት ነው። ትንሽ መሬት ላይ ብዙ ዶሮ ይይዛል፣ እንቁላሉ ሳይቆሽሽ ተንከባልሎ ወደ ፊት ይወጣል፣ የታመመችውን በቀላሉ ታዩአታላችሁ። በሰገነት ላይ ወይም በጠባብ ጓሮ ለሽያጭ የሚያረቡ ሰዎች ለምን እንደሚመርጡት ይገባኛል።

እኔ አልወደውም፤ አድልዎዬን መደበቅም አልፈልግም። ዶሮ መጫር፣ በአፈር መንከባለልና ቆጥ ላይ መስፈር ተፈጥሮዋ ነው፤ ኬጅ ሦስቱንም ይነሣታል። እንቅስቃሴ በማጣቷም አጥንቷ ይደክማል። ከዚህ ሌላ አንድ የከተማችን ጉዳይ አለ፦ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ኬጅ ያለ ትርፍ ታንከር አይታሰብም። ግቢ ውስጥ የምትውል ዶሮ ውኃ ሰዓት ቢዘገይባት ከባልዲም ከማሰሮም ትጠጣለች፤ በኬጅ ያለችው የቧንቧዋን ጠብታ ብቻ ነው የምትጠብቀው። እንቁላል ጣይ ውኃ አንድ ቀን ካጣች ለብዙ ቀን መጣል ታቆማለች። የሐበሻ ዶሮን ኬጅ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ ስትፈራገጥ ራሷን ትጎዳለች።

ሽቦውን እንደ ቀላል አትዩት

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ የሆነው ቀጭን የዶሮ ሽቦ ነው። ርካሽ ነው፤ ዶሮን ውስጥ ለማቆየት ይበቃል። ሽለምጥማጥን ውጭ ለማቆየት ግን አይበቃም። ሽለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ሰውነቱ ያልፋል፤ ውሻም ቀጭኑን ሽቦ በጥርሱ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ለመዋያ ግቢው ቀጭኑን፣ ለማደሪያው ግን በየመገናኛው የተበየደና ቀዳዳው ከጣት የማይሰፋ ጠንካራ ወንፊት እመርጣለሁ። ልዩነቱ ለአንድ ትንሽ ቤት ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው። የመዋያው ጣሪያም በሽቦ ወይም በአሮጌ መረብ ይሸፈን፤ ጭልፊት በቀን ነው የምትመጣው፣ የምትመርጠውም ጫጩት ነው። ከግድግዳው ውጭ ዙሪያውን ሁለት ስንዝር ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ብታነጥፉ የሚቆፍር እንስሳ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል።

ጣሪያና ጉዝጓዝ

ሣር ክዳን ያምራል፣ ሙቀትንም ብርድንም ይከላከላል፣ ዝናቡም አያስጮኸውም። ቅንቅንና አይጥም ከእኔ በላይ ይወዱታል። ስለዚህ ቆርቆሮ። ውፍረቱ የሚለካበት ቁጥር ሲያንስ ቆርቆሮው እንደሚወፍር አስታውሱ፤ ባለ 32 ከባለ 35 ይወፍራል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በ1.5 ሜትሩ ጎን ሲጋደም ከፊት ለፊት ከአንድ ስንዝር ተኩል ያላነሰ ከለላ ይተርፈዋል፤ ላነሣሁት የአሥር ዶሮ ቤት አራት ይበቃል። የመጋቢት ሙቀት እንዳያስጨንቃቸው ከቆጡ እስከ ጣሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር ይኑር።

ለጉዝጓዝ ሰጋቱራን ከጤፍ ጭድ አስበልጣለሁ። ጭድ ቶሎ ይጋገራል፤ ደግሞስ ላም ያለው ጎረቤት እያለ ጭድን መሬት ላይ መበተን ይከብዳል። ሰጋቱራ የእንጨት ሥራ ቤቶች በከረጢት ይሰጣሉ፤ ቀለም ወይም መድኃኒት ከተቀባ እንጨት ያልወጣ መሆኑን ብቻ ጠይቁ። አንድ ጋት ያህል አነጥፉ፣ በሳምንት አንዴ ገልብጡ። እፍኝ ሙሉ ዘግናችሁ ጨብጡት፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ከፈረሰ ጥሩ ነው፣ እንደ ጭብጦ ከቆየ ረጥቧልና ቀይሩት። የወጣውን አትጣሉት። ከርሞ ሲበሰብስ ለጌሾውና ለጎመኑ ከዚያ የሚሻል ማዳበሪያ የለም። ትኩሱን ግን ሥሩ ላይ አትደፉት፣ ያቃጥለዋል።

ፊቱ ወዴት ይዙር?

ይህ ወጪ የለውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ረጅሙን ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አጋድሙና ክፍቱን ፊት ወደ ደቡብ አዙሩት። በጎንደር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትሄዳለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የተከፈተ ቤት ፀሐይ የሚገባው በሚፈልጋት ወቅት ነው፤ በግንቦት ቀትር ግን ጣሪያው ይከልላል። የዝናቡን አቅጣጫ ለማወቅ የመኖሪያ ቤታችሁን ግድግዳ ዞራችሁ እዩ። ባለፈው ክረምት ቀለሙ የተላጠው ወይም ጭቃው የተሸረሸረው ጎን ዝናቡን የሚቀበል ነው። ደቡቡ ራሱ ከሆነ የተላጠው፣ ክፍቱን ወደ ምሥራቅ አዙሩት፤ የጠዋት ፀሐይም አይናቅም። ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮትም ራቅ አድርጉት፤ አውራ ዶሮ ካላችሁ ምክንያቱን አልነግራችሁም።

እኔ ብሆን

ተከራይ ሆኜ ስድስት ወይም ስምንት ዶሮ ለመያዝ ካሰብሁ በእግር የቆመውን እሠራለሁ። የራሴ ሰፊ ግቢ ኖሮኝ የሐበሻ ዶሮ ከነጫጩቷ ላረባ ከሆነ የድንጋይ መሠረት ያለው፣ አናቱ ክፍት የሆነ የጭቃ ቤት። ሠላሳ ቦቫንስ ከሆነ ግማሽ ብሎኬት ግማሽ ሽቦ። ለኬጅ የምመክረው ሌላ ቦታ ጨርሶ የሌለውንና ሥራው ሽያጭ የሆነውን ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ታንከሩን አስቀድሞ እንዲገዛ።

ወቅቱም ምርጫውን ይለውጠዋል። ጭቃ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከተመረገ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ዶሮ አይገባበትም፣ አለበለዚያ የግድግዳው እርጥበት ወደ ጉዝጓዙ ይወርዳል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሚጀምር ሰው ጭቃም ብሎኬትም ሊመርጥ ይችላል። ይህን የሚያነብ ሰው የሰኔ ሚካኤል ደርሶበት ከሆነ ግን ጭቃውን ይተወው፤ የእንጨቱን ቤት በጥላ ሥር አናጺው ያገጣጥምለት፣ ወይም ድንጋዩን ሰብስቦ መስከረምን ይጠብቅ። ቄቦቹንም በዚያው ልክ ያዘግይ፤ ቀድሞ ገዝቶ ሦስት ወር ኩሽና ውስጥ ያሳደረ ሰው አውቃለሁ፣ ሚስቱ እስከ ዛሬ ታነሣበታለች።